በጥቁር ክር የሰፋሁት ኮድ

ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ፣ አማትሽ፣ ልጆችሽ ሁሉ በጤና ናቸው? ሥራው አልከበደሽም? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤታችን የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ናት። ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ ማር አትቀቢው ብያታለሁ።

እናትሽ ካረፈች አራት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ አለቀስክ ወይ ይለኛል። አላለቀስኩም። ውስጤ እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ ቢወጉትም አይሰማ።

አንቺ ያወጣሽልን፣ በሱቁ በር ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ይቀየር ወይስ እንዳለ ይቆይ ብለሽ ልከሽብኛል። ስልክ ሲያስጠጉበት የሚወጣው የእሷ ድምፅ ስለሆነ ነው የጠየቅሽኝ፤ ገብቶኛል። ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት መሆኑን፣ ሱሪ እንደምናሳጥር፣ ዚፕ እንደምንቀይር ትናገርና፣ ግቡ፣ እኔ በር ላይ ነኝ ትላለች። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ጥፋቴን ልንገርሽ፤ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል።

ኮዱ የታተመበትን ወረቀት ዝናብ መታውና መላጥ ጀመረ። ጸሐፊዬ አዲስ ላትምልዎት ብትለኝ እምቢ አልኩ። ወረቀት ምን ዕድሜ አለው? እኔ ሃምሳ ዓመት የሰፋሁ ሰው ነኝ። ወፍራም ነጭ ጨርቅ ወጥሬ፣ እያንዳንዷን ጥቁር ነጥብ ቆጥሬ፣ በጥቁር ክር ሰፋሁት። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን ግን የተማረውም በዓይኑ አያነበውም፣ እዚህ ላይ እኩል ነን። ስጨርስ ሳየው፣ ሦስቱ ማዕዘን ላይ ትልልቅ ዓይን አለ፣ አራተኛው ላይ የለም። የሠራው ሰው ሰልችቶት ትቶታል አልኩ። አንድ ኪስ የጎደለው ኮት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። እዚያ የነበሩትን ነጠብጣቦች ተርትሬ አራተኛ ዓይን ሠራሁለት። ወረቀቱን ጣልኩና ጨርቁን ሰቀልኩ።

ከዚያ ወዲያ ስልክ ሁሉ እምቢ አለ። ዳቦ ጋጋሪው ስልኩን አስጠግቶ፣ አርቆ፣ አጎንብሶ ሲያበቃ፣ ጋሼ ጥልፍዎ ያምራል፣ ግን ዲዳ ነው አለኝ። እናትሽን ሁለተኛ ገደልኳት ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልተሰማኝም።

ያስረዳችኝ ይህችው ጸሐፊዬ ናት። ድምፁ ኮዱ ውስጥ አይደለም ያለው፣ ኮዱ እንደ ቤት ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ቢጠፋ ቤቱ አይፈርስም አለች። ምግብ ቤቱ በር ላይ ያለው ስልኩን ወደ ምግቡ ዝርዝር፣ መድኃኒት ቤቱ ያለው ወደ ሥራ ሰዓቱ፣ አትክልት ሻጯ ጋ ያለው ወደ መክፈያው ይወስደዋል። ሦስቱ ዓይኖች ለስልኩ ላይና ታቹን ያሳዩታል፣ አራተኛው ሆን ተብሎ ነው የተተወው። አባባ፣ ያልታመመውን አክመው ገደሉት ብላ ሳቀችብኝ። ይሄንንም ጻፊው ብያታለሁ። ከኮምፒውተሯ አዲስ አትማ ሰጠችኝ፣ እያየሁ ተረተርኩ፣ መልሼ ሰፋሁ። ስልኳን ስታስጠጋ እናትሽ ተናገረች። መቀስ በእጄ ይዤ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ከዚያ የጀመርኩትን ሱሪ ጨረስኩ።

ትናንት አንዲት ሴት መጋረጃ ይዛ መጣች። በር ላይ ድምፁን ሰምታ ገባችና በር ላይ ነኝ ያሉት ባለቤትዎ የት ሄዱ አለችኝ። ሞታለች አልኳት። መጋረጃውን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። እስካሁን ዘጠኝ ሰው እንዲህ አስደንግጫለሁ። ዚፕ ሊያስቀይር የመጣ ሰው ለቅሶ መግባት የለበትም።

ስለዚህ ቀይሪው። በራስሽ ድምፅ፣ አባቴ መኪናው ላይ ነው፣ ግቡ በይ። ኮዱ ሳይነካ ድምፁ ብቻ ይለወጣል ተብያለሁ፣ እንደገና አልሰፋም። የእሷን ግን እንዳታጠፊው። ለብቻው ኮድ አውጪለትና ላኪልኝ። እሱን በር ላይ አልሰቅለውም። የኮቴ ገበር ላይ፣ በግራ በኩል እሰፋዋለሁ። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ ካሜራ የለውም፣ አያነበውም። ግድ የለም።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ትከሻው ልኩ ካልተለወጠ ያቺን ጃኬት እጨርስለታለሁ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ፤ ጉልበታቸውን ይማርልኝ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ። ትንሹን፣ ያንን አቶ ለምንን፣ አያትህ መልስ አልቆበታል በይው።

አባትሽ፣ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ።

ከልብስ ስፌት ቤቱ፣ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን