ለዘይነብ ወሬ እምትነግር ኮምፒውተር

ጥር 4፣ ከሰዓት 9 ሰ.

ኮምፒውተሯ ዛሬም እንቢ አለች። ትነሳለች፣ ቀይ መብራቷ ብልጭ ይላል፣ ትጠፋለች። ሶስተኛ ቀኔ ነው። የሞከርሁት፦

1. ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን። የለም።
2. ገመድ መቀየር። የለም።
3. ቢስሚላህ ብሎ ከሀ መጀመር። የለም።

ልጄ ዘይነብ ከሪያድ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የስልክ ቻርጀር አቅሙ አይበቃትም፣ አብሬ የላክሁልህ ነጩ የታለ አለች። ለካ ነጩን እናቷ ሰዓዳ ወስዳ ስልኳን ትሞላበታለች። ዘይነብ በሳቅ ሞተች። «አባ፣ ሚስትህን ፈትሽ እንጂ ኮምፒውተሯን ምን ትነካካለህ!»

ይችን ልጅ ነው ከአስረኛ ክፍል አስወጥቼ ለሰው ቤት ስራ የላክሁ። ለውጥ መጣ፣ ስራ ይኖራል ሲባል እንኳ አልታገስሁም።

ጥር 6፣ ማታ 1 ሰ.

ሰራች! አልሀምዱሊላህ።

ደብተሬ፣ ላንተም ላስረዳህ። መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር ናት፤ አንድ ሰሌዳ ብቻ። ሰርቨር ነው እሚሏት። ከዋይፋዩ ጋር ተያይዛ ቤቱን ትጠብቃለች። የኩሽና አምፖል ሲበራ፣ የፊት በር ሲከፈት፣ ወዲያው ለዘይነብ ስልክ መልእክት ትልካለች። ከታዘዘችም አምፖሉን ራሷ ታበራለች። መብራት ቢጠፋ ሶላሩ አለ።

ለምን እንደላከችልኝ መጻፍ አልፈልግም ነበር። ልጻፈው። ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሲገባ ወደ አርዲቦ ገጠር ሸሸን። ኔትወርክ የለም። እናቴ እዚያው አረፈች። ስልክ ሲመለስ ለዘይነብ አያትሽ ደህና ናት አልኋት። አራት ወር ሙሉ፦ ተኝታለች፣ ለቅሶ ሄዳለች፣ ጆሮዋ ከብዷል። በኋላ እዚያው ሪያድ ያለች የሰፈራችን ልጅ ነገረቻት። ሰው አገር፣ ብቻዋን፣ የሰው ወጥ እየሰራች ሰማችው።

አባ፣ ሰው ይዋሻል፣ ዕቃ አይዋሽም አለችኝ። ከዚያ ይችን ኮምፒውተር ላከች።

አሁን እናቷ ለሱብሂ፣ ለንጋት ሶላት፣ ስትነሳ ኩሽና ታበራለች፣ የውዱ መታጠቢያ ውሃ ታሞቃለች። ዘይነብ መልእክቱን ስታይ፣ እማ ተነሳች ብላ ቀኗን ትጀምራለች።

ጥር 15

ሰዓዳ ወደቀች። ጓሮ፣ ልብስ ስታሰጣ። ግራ እጇ አይነሳም፣ አፏ ተጣመመ። በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ ደሴ። ሆስፒታል አስተኟት። ደም ግፊት ነው አሉ። ያ ረቢ።

ጥር 17፣ ደሴ

ዘይነብ ደወለች። ሁለት ጧት የኩሽና መብራት አልበራም፣ ምነው?

አምፖሉ ተቃጥሏል አልኋት። ከአፌ ወጣ። አላሰብሁበትም።

ወር ሳያልቅ ለአሰሪዋ ለመዳሟ መልስ መስጠት አለባት፤ ኮንትራት ታድሳለች ወይ ጠቅልላ ትመጣለች። እናንተ ደህና ከሆናችሁ ሁለት ዓመት ልጨምር፣ ካልሆናችሁ ልምጣ አለችኝ።

እህቴ ፋጡማ አፌን ያዘችኝ። ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ማን ይይዛታል፣ ማን ውሃ ያጠጣታል አለች። ሰፈሩም እንዲያው ይላል። እኔም ሌላ አላውቅም። ሰዓዳ ሲሻላት ለዘይነብ እንነግራታለን።

ጥር 19፣ ከቀኑ 6 ሰ.

ትናንት ሰዓዳን ይዘን ቤት ገባን። ትተኛለች፣ ትሰማለች፣ ንግግሯ ግን ከባድ ነው።

ያደረግሁትን ልጻፍ። ማታ ኮምፒውተሯን አምፖሉን ራሷ እንድታበራ አዘዝኋት። ሱብሂ 11 ሰዓት ነው፣ 11 ብዬ ጻፍሁ። ጧት ብጠብቅ ጨለማ። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ቦግ አለ! የሷ 11 የፈረንጅ 11 ነው።

ዘይነብ ወዲያው፦ እማ በጠራራ ፀሐይ መብራት ታበራለች እንዴ? ደመና ነው፣ ኩሽናው ጨለማ ነው አልኋት። ሰማዩ እንደ መስታወት ነው። ወደ 5 አስተካከልሁት።

ጥር 22

ጠያቂ በዛ። በሩ አርባ ጊዜ ተከፈተ። ዘይነብ፦ ሰርግ ደግሳችኋል እንዴ? እማን አገናኘኝ ስትልም ተኝታለች እላታለሁ።

ጠያቂውን ሁሉ በጓሮ አስገባ ጀመር። ሸህ ይመር፣ ጎረቤታችን፣ ጋቢያቸው አጥር ላይ ተቀደደ። «አንተ፣ ምን ሰርቀህ ነው ሰው በጓሮ እምታስገባ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፊቴ ነደደ።

ሰዓዳ በየቀኑ አንድ ነገር ትጠይቃለች። ዘይነብ ሰማች? ሰማች እላለሁ። ትመጣለች? በወሩ መጨረሻ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ እላለሁ። ሰርቨሯ ለልጅቱ ትዋሻለች፣ እኔ ለእናቲቱ።

ጥር 28፣ ጧት 3 ሰ.

ፈረመች።

ድምፅ ላከች፣ ሰዓዳ አልጋ አጠገብ ነበርሁ፣ ሳላስብ ከፈትሁት። አባ፣ ሁለት ዓመት ፈረምሁ፣ የእማን መብራት በየጧቱ እያየሁ ልቤ አረፈ፣ ዕቃ አይዋሽም ብዬህ አልነበር? እየሳቀች።

ሰዓዳ ሁሉንም ሰማች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቁርስ አልበላችም።

ፋጡማን አልወቅስም። ማዘዣውን የጻፈ የኔ ጣት ነው። ልጅቱ እውነት እንድትሰማ የላከችውን ዕቃ ውሸት አስተማርሁት። እናቴ ላይ አንድ ጊዜ ሆነ፤ ያኔ ጦርነት ነበር እል ነበር። አሁንስ?

ጥር 29፣ ጧት 4 ሰ.

1. ማዘዣውን ሰረዝሁ።
2. ሸህ ይመርን አፉ በሉኝ አልሁ፣ ጠያቂ በፊት በር ይግባ።
3. ለዘይነብ መናገር።

ሶስተኛውን እኔ ልንገራት ብዬ ስልክ ሳነሳ ሰዓዳ ቀኝ እጇን ዘረጋች። አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ አለች። ቃል በቃል፣ እየታገለች። ካሁን በኋላ በኔ አፍ እንዳትናገር አለችኝ። ደውዬ፣ ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ሰጠኋት። ውጣ አለች።

በሩ ሥር ቆሜ ነው እምጽፈው። እየጠራ ነው። ተነሳ።

ዘይነብ እየሳቀች፦ «እማ! ዛሬ ተኝተሽ አረፈድሽ?»

ሰዓዳ ስሟን ልትጠራ እየሞከረች ነው። «ዘ» አለች። እንደገና «ዘ»። ወዲያ ማዶ ሳቁ ቆመ። ልግባ ብዬ እጄ በሩ ላይ ነው፣ አልገባም፣ ትጨርስ። «ዘይ... ነብ» አለች።