አግዳሚው ላይ የደረደርኳቸው ሴቶች

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አሥራ አምስት ሴት! ባለፈው ሳምንት ስምንት ሳነሳ ቀኑ ያልቅ ነበር። ለጡት ራጅ የሚመጡትን አንድ በአንድ አስገብቼ፣ አዝራራቸውን ፈትተው እስኪጨርሱ መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር። ዛሬ አራት አራቱን ባንዴ ጠርቼ፣ ጋወን አልብሼ፣ መጋረጃው ጀርባ አግዳሚ ላይ ደረደርኳቸው። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ዝግጁ። ዶክተር "በጉርድ ሾላ አንቺን የመሰለ ራጅ አንሺ የለም" አሉኝ። ልቤ አበጠ። ሁሉም ሴት፣ እኔም ሴት፤ ምን ያሳፍራል?

አንዷ ብቻ ሳትነሳ ሄደች። ችኩል ናት አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ችኩሏስ እኔ ነኝ። ካርዷን ዛሬ ገለጥኩት። ወይዘሮ ዘይነባ፣ ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ የልብስ ሱቅ ያላቸው። "ግራ ጡት፣ እብጠት፣ አስቸኳይ" ይላል። ሌሎቹ ለጥንቃቄ የመጡ ናቸው። እኔ ካርድ ሳላነብ ነው የደረደርኳቸው!

የካርድ ክፍሏ ልጅ ደግሞ፣ ወይዘሮዋ ሲወጡ "የልጄ እጮኛ እናት እዚያ ተቀምጣለች፣ ጉዴ ፈላ!" ማለታቸውን ነገረችኝ። ሰው ነቀርሳ በዘር ይሄዳል ይላል። ከዚያ ቤት ማን ሚስት ይወስዳል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አፈርኩ። ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እኚያው የእጮኛው እናት ውጤት ሊወስዱ መጡ። ደህና ናቸው። ደስ ሊላቸው ሲገባ እጄን ጨብጠው ያዙ። "የኔ ልጅ፣ ዘይነባ ለምን እንደመጣሁ ጠይቃሻለች? በሽተኛ ቤት ልጄን አልድርም እንዳትለን! አደራሽን።"

ሳቄም እንባዬም ባንዴ መጣ። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው። የታካሚ ምስጢር ነውና ለአንዷም ትንፍሽ ማለት አልችልም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከሥራ ስወጣ በታክሲ ላምበረት ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ልጃቸውም ገበያተኛውም አለ። አፌን ይቁረጠውና "ከራጅ ክፍል ነኝ" ልል ምንም አልቀረኝም። "ሻሽ አለ?" አልኩ። ወይዘሮ ዘይነባ አወቁኝ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ጓዳ ሲያስገቡኝ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ብቻዎን አነሳዎታለሁ" አልኳቸው።

"ወላሂ፣ ሞቼ ነው ከዚያ የወጣሁት" አሉ። እመጣለሁ አላሉም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከተማው በኅዳር ሚካኤል ጭስ ታፍኗል። ጠዋት መጀመሪያ ካርዶቹን ሁሉ አነበብኩ። እብጠት ያላቸውን አስቀደምኩ፤ ለእያንዳንዷ የየራሷን ሰዓት ጻፍኩላት። አሥር አነሳሁ። ዶክተር "ምነው ወረድሽ?" ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ካርዶቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው "እኔም ቁጥሩን እንጂ ካርዱን አልጠየቅኩሽም" አሉ። ይህ ግን እኔን አያነጻኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ ተኩልም አለፈ። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ መጡ! ፊልሙን አጥቤ ሳወጣው፣ ከዶክተር በፊት አየሁት። እብጠቱ ትንሽ አይደለም።

ዶክተር ሰኞ ናሙና ይወሰድ አሉ። ወይዘሮ ዘይነባ "ሰርጉ ጥር ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይሁንልኝ። የእጮኛዋ እናት ካወቀች የልጄ ነገር አበቃ" አሉኝ። "እሳቸውም እርስዎን ፈርተዋል" የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። "አይሆንም እናቴ፣ ጥር ሩቅ ነው" ብቻ አልኩ። ሻሻቸውን አስተካክለው "ወልደሽ ሳሚ፣ ለእኔ ብለሽ ለፋሽ" ብለው መረቁኝ። አሜን ማለት አቃተኝ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ የእሳቸውን ስም ብቻ ጽፌያለሁ።