ያላሳየኸኝ ፍል ውኃ

ሰይዴ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ብርሃንም ያድርግልህ። ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምልህ አጥቼ አይደለም፤ ስናደድ መጻፍ ስለማልወድ ነው። አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ካልጻፍኩት የሚበርድልኝ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አዋሽ እንደምታውቃት ናት፤ ሙቀቷም የመኪናው ድምፅም እንደዚያው። ምድሩ ሲንቀጠቀጥ የሳሎኑ ግድግዳ ከመስኮቱ ሥር እስከ ጣሪያው ተሰንጥቆ ነበር። አስለስኜዋለሁ፤ አዲሱ ልስን ግን ከድሮው ቀለም ጋር አልገጥም ብሎ እንደ ጠባሳ ይታያል። ቁርስ ቤቱን አልዘጋሁትም። ጠዋት ጠዋት ፉል እሠራለሁ፣ የሾፌር ጓደኞችህም ሲያልፉ ይቆማሉ። አንተ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ቶሎ ቶሎ በልተው ይሄዳሉ። መዲና ደግሞ ትምህርቷን ጨርሳ ሰመራ ሥራ ይዛለች። አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ፣ በጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ቢሮ ስትገባ ባየሃት።

ባለፈው ወር ሰመራ የሄድኩት እሷን ልጠይቅ ነው። በዚያውም የአላሎባድን ፍል ውኃ ለማየት። «ከሰመራ ትንሽ ወጣ ብሎ ውኃው ከመሬት ውስጥ እየፈላ ይዘላል፣ ዙሪያው ዘንባባ ነው፣ አንድ ቀን አሳይሻለሁ» ያልከኝን የረሳሁት መስሎህ ነበር? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ዙር፣ ኢንሻአላህ» ስትለኝ ኖርክ።

ከባቲ አግብተህ ስታመጣኝ በመኪናህ ጋቢና ነበር የመጣሁት። አንተ መንገዱን ትተህ እኔን ታያለህ፣ እኔ «ኧረ ወደ ፊት እይ» እልሃለሁ። መዲና ከተወለደች በኋላ ግን ጋቢናው ተዘጋብኝ። እስከ ማደያው እንኳ አብሬህ ልሂድ ስል ፊትህ ይለወጥ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፤ መንገድ ላይ በምታድርባት በሎጊያ ሌላ ሴት ያለችህ ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅኩህም። እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ጉዞው ራሱ አንጀት የሚያሳርር ነበር። ገዋኔ ሳንደርስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማው ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ግራር ሥር ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ሰመራ ስደርስ ላቤ ልብሴ ላይ ደርቆ ጨው ሠርቷል። በማግስቱ ሊወስደን የተስማማው ባለመኪና ስልኩን አጠፋ። ሌላ መኪና ፈልገን ስንሄድ፣ መንገድ ላይ ገመድ የዘረጋ ሰው «የጉብኝት ደብዳቤያችሁስ?» አለን። መዲና «እናቴ ናት፣ ፍል ውኃውን ላሳያት ነው» ብትለው፣ «እናትም ብትሆን ደብዳቤ ያስፈልጋታል» አላት።

ደብዳቤ ይጻፍበታል ወደተባለው ቢሮ ተመለስን። የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ከሰዓት ሄድን፣ አሁንም ስብሰባ። በነጋታው ሄድን፤ ሰውየው አለ፣ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ግን ከሌላ ሠራተኛ ጋር አዋሽ አርባ ሄዷል። እኔ ከአዋሽ እዚያ ድረስ መጥቼ ቁልፉ ወደ እኔ ሰፈር ሄደ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ተቆጣሁ። ሰውየውን አይደለም፣ አንተን። በሕይወት እያለህ ብትወስደኝ ኖሮ ማን ደብዳቤ ይጠይቀኝ ነበር?

ሐሰንን ያስታወሰችው መዲና ናት። ከኋላህ እየተከተለ ጅቡቲ ይመላለስ የነበረው ሐሰን መንዳቱን ትቶ ሎጊያ ላይ ጎሚስታ ከፍቷል። ጎማ እየጠገነ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ አገኘነው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ከተቀመጠበት ተነሳ። ቀብርህ ላይ ስላልተገኘ አፉ አድርጊኝ አለኝ። ከዚያ ሱቁን ዘጋና ፒክአፑን አስነሳ። ሁመድ የሚባሉ የአካባቢው አዛውንትም አብረውን እንዲሄዱ ለምኖ ከፊት አስቀመጣቸው። ገመዱ ጋ ስንደርስ ሁመድ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው በአፋርኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። ገመዱ ወረደ።

አየሁት፣ ሰይዴ። መሬቱ ነጭና አመድማ ነው፤ ሲረግጡት ከሥሩ ባዶ እንደሆነ ይሰማል። ሁመድ «እኔ የረገጥኩበት ብቻ ርገጪ፣ ልጄ» አሉኝ። ውኃው ይንተከተካል፣ ይንተከተካል፣ ከዚያ ድንገት የሰው ቁመት ያህል ወደ ላይ ይወረወርና ተመልሶ ዝም ይላል። ሽታውን አልነገርከኝም ነበር። ከዘንባባዎቹ ወዲያ ውኃው እየወረደ በረድ ይላል፤ እዚያ እግሬን ነከርኩ።

ሐሰን አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ሰይድ ሎጊያ ባደርን ቁጥር እዚህ መጥቶ ይቀመጥ ነበር። ዘይነባ ይህን ባየች ይል ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ምን ከለከለው?» ድምፄ ሳላስበው ጮኸ።

ሐሰን መዲናን አየ፣ እኔን አየ። «አልነገረሽም እንዴ?»

መዲና በተወለደች ሰሞን፣ ከሰርዶ በታች ቁልቁለቱ ላይ፣ ከፊታችሁ ይሄድ የነበረ መኪና ተገለበጠ አለኝ። ሾፌሩ አገር ላሳይሽ ብሎ ሚስቱን ጋቢና ይዟት ነበር። እሱ ተረፈ። እሷን ከብረቱ ውስጥ ያወጣሃት አንተ ነህ፤ እጅህ ላይ አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቤን ጋቢና አላስገባም ብለህ ማልክ።

ያን ሰሞን አስታወስኩት። መዲና ገና አርባ ቀኗ ነበር። ከመንገድ ገብተህ ሦስት ቀን ሳትናገር ሕፃኗን ታቅፈህ ተቀመጥክ። ምን ሆንክ ስልህ «ደክሞኝ ነው» አልከኝ። እኔም አመንኩህ።

ማልቀስ ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «በአውቶቡስ እመጣ ነበር እኮ» የሚል ነው። መዲና ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

አሁንም የምልህ እሱኑ ነው። በአውቶቡስ እመጣ ነበር፣ አንተም ሎጊያ መናኸሪያ ቆመህ ትቀበለኝ ነበር። እኔን ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ሁሉን ለብቻህ ተሸክመህ እኔን ከሌለች ሴት ጋር ስታጣላኝ ኖርክ። ስትመጣ ፊቴን ያጠቆርኩብህን ቀኖች ሳስብ ራሴን እጠላለሁ፤ ደግሞ መልሼ በአንተ እናደዳለሁ። ይህ ንዴት እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም። መዲና ለበዓል ስትመጣ፣ ከቤታችን አፍንጫ ሥር ያለውን የአዋሽን ፏፏቴ እናያለን ተባብለናል። እሱንም አላየሁትም እኮ።

ከሰመራ ከተመለስኩ ወዲህ በየጁምዓው ዱዓ ሳደርግ መጀመሪያ የማነሳው ያቺን ሴት ነው። ስሟን ሐሰንም አያውቀውም። «ሰይድ እጅ ላይ ያለፈችው» ብዬ እለምንላታለሁ፤ ከእሷ ቀጥሎ አንተን። በሕይወት እስካለሁ ሁለታችሁንም ሳላነሳ ከስጋጃዬ አልነሳም።

ያንተው ዘይነባ