ቬይኮ ዳኮታ ነው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሐይቁ ተኝቶልሽ፣ ድስቶችሽም ከምድጃው ላይ ሳይንሸራተቱ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? የተቃጠለው እጅሽ ዳነልሽ? መርከበኞቹስ ዛሬም «ጨው አነሰው» እያሉ ያበሳጩሻል? እኛ ደህና ነን። የኬሚስትሪ ፈተናዬን አልፌያለሁ፤ በምን ተአምር እንደሆነ አትጠይቂኝ። ትምህርት ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው። የምርቃት ካባዬ መጥቷል፤ እጅጌው ክርኔ ላይ ይቆማል። እማዬም ደህና ናት። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ግን ስለ እሷ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ከመርከቡ መስመሩ በየመሀሉ ይቋረጣል፤ ይህ ደግሞ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹን የምትተዪው ወሬ አይደለም።

እህቴ፣ ቅዳሜ ዕለት ካሲኖ ሄድኩ! አዎ፣ እኔ! አስራ ስምንት ሞላኝ አይደል? እማዬ አንቺንም ቬይኮንም ዕድሜያችሁ ሲደርስ በአውቶቡሱ ወደ «ሰባት ጥድ» ወስዳችሁ፣ በፖስታ ሃያ ዶላር ሰጥታችሁ፣ «ይህ ሲያልቅ ጨዋታው አለቀ፤ ቁጭ ብሎ ሾርባ መጠጣት ነው» ብላችሁ የለ? የእኔም ተራ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር፣ በጥር የሐይቁ በረዶ ተሰንጥቆ ወንድማችንን ቬይኮን ከነበረዶ ሞተሩ ከዋጠው ወዲህ ተራዬን የረሳችው መስሎኝ ነበር። ላስታውሳትም አልደፈርኩም። ዓርብ ራት ላይ ግን ከሳህኗ ቀና ሳትል «ነገ በጠዋት ተነስ፤ መታወቂያህን እንዳትረሳ» አለችኝ። ማንኪያዬን ወርውሬ ጮኽኩ። ውሻችንም ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ አብሮኝ ጮኸ።

አሁን ጉዱን ስሚ። ባለፈው ደብዳቤዬ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤተ ክርስቲያን ብርድ ልብስ ልትሰፋ ትሄዳለች ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። ብርድ ልብስ የሚባል ነገር የለም። አውቶቡሱ የሚቆምበት የሱፐርማርኬቱ ግቢ ስንደርስ የመኪናውን ሞተር አጠፋችና መሪውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያም ወደ እኔ ሳትዞር «አውቶቡሱ ላይ ስለ ቬይኮ ይጠይቁሃል። ዳኮታ ነው በላቸው» አለችኝ።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

«ሌላ ግዛት ሄዶ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ እየሠራ ነው። እኔ አይደለሁም የጀመርኩት። መጀመሪያ ቀን ብቻዬን የሄድኩ ጊዜ እትዬ በርኒስ ‹ያ ረጅሙ ልጅሽ የት ጠፋ?› አሉኝ። አፌ ‹ዳኮታ› አለ። ዝም ብሎ አለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷን ቅዳሜ ዳኮታ ነው» አለችና «እባክህ» ብላ ጨመረች። እማዬ ስንት ጊዜ «እባክህ» ስትል ሰምተሻል? እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

አውቶቡሱ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ልጅ የሚባለው ሹፌሩ ነበር፤ እሱም ሽበታም ነው። ከፊት ወንበር ሐምራዊ ጃኬት የለበሱ፣ ሰማንያን ያለፉ ሴትዮ ተቀምጠዋል፤ እማማ በርኒስ እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ጋሽ ዋሊ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የማዕድኑን ትልልቅ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። መንገድ ላይ ቢንጎ ይጫወታሉ፤ ሽልማቱ የሽንት ቤት ወረቀት ነው። ጋሽ ዋሊ አሸነፉና ጥቅልሉን እንደ ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መተላለፊያው ላይ ተንጎራደዱ። «ይሄ ሰውዬ በመጨረሻ የሚገባውን ሽልማት አገኘ!» አሉ እማማ በርኒስ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ጎረምሳ፣ ታናሹ አንተ ነህ? ወንድምህስ? ከዳኮታ ይደውላል?»

ይደውላል አልኩ።

«ታዲያ ምን ይላል?»

እህቴ፣ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። መኪና ገዛ አልኳቸው። ቀይ ፒካፕ።

«ቀይ?» አሉ ጋሽ ዋሊ ከኋላ። «ቀይ መኪና የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ነው የሚወደው፤ ራሱንና ትራፊክ ፖሊስን!» አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። «ሴትስ የለችም?» አሉ እማማ በርኒስ። «ዳኮታ ሴት አልተፈጠረም እንዴ?» አለች አልኩ። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ዳንስ ልታስተምረው ብትሞክር እግሯን ረግጦ ጫማዋን ቀደደባት። «እሱ ነው! ያ እግሩ ጀልባ ያክላል!» አሉና ጋሽ ዋሊ ጭናቸውን መቱ።

እማዬ ወደ መስኮቱ ዞራለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ። ጎንበስ ብዬ ሳያት እየሳቀች ነው። ድምፅ የሌለው ሳቅ፤ ያ የምታውቂው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚመጣባት። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ? አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቬይኮ አለ ብሎ ያምናል። እኔም እስክንደርስ ድረስ አመንኩ። መኪናው እንኳ ታየኝ፤ ጭቃው፣ የተሰነጠቀው የኋላ መብራቱ።

ካሲኖውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን በሩ ሲከፈት ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ያ ሁሉ መብራት! ያ ሁሉ ጩኸት! ማሽኑ ሁሉ የሚጠራው እኔን መሰለኝ። በፖስታዋ ገንዘብ ሃያ አንድ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ልሞክር ርካሹ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ዋሊ ከኋላዬ ቆመው «ጨምር አትበል! አንተ ልጅ፣ ጨምር እንዳትል!» ይሉኛል። አስራ ስድስት ይዣለሁ፤ ከሃያ አንድ ካለፍኩ ተበላሁ፤ ጨምሩልኝ አልኩ። አምስት ወጣልኝና ልክ ሃያ አንድ ሞላሁ። ካርታ አዳይዋ ሳቀች። ጋሽ ዋሊ «ሞኝን ዕድል ትወደዋለች» ብለው ባርኔጣቸውን አናቴ ላይ ደፉብኝ። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ሁሉንም ተበላሁ፤ ግን ምን ዓይነት አበላል! ሳቄን ማቆም አልቻልኩም።

እጄ ባዶ ሲሆን እማዬን ፍለጋ ሄድኩ። ዓሣ አጥማጅ የተሣለበት የሳንቲም ማሽን ላይ ተቀምጣለች። ካሲኖው ለደንበኞቹ የሚሰጠውን ካርድ ስትሰኪ የባለቤቱ ስም መስታወቱ ላይ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። የሰካችው የቬይኮን ካርድ ነበር፤ ከኪስ ቦርሳው አውጥታው ኖሯል። በሰማያዊ ፊደል «እንኳን ደህና መጣህ፣ ቬይኮ!» ይላል። ጥቂት ትጫወትና ካርዱን ትነቅለዋለች፤ ስሙ ጨርሶ እስኪጠፋ ትጠብቃለች፤ መልሳ ትሰካዋለች። ለምን ትነቅይዋለሽ አልኳት። «ዕድል እንዲቀየር ነው» አለችኝ። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሲሰካ አብሬያት አነብ ጀመር።

ልክ እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ ነው ማሽኑ ያበደው። ዓሦቹ በሙሉ ወርቅ ሆኑ፤ ቁጥሩ ሽቅብ ይሮጣል፤ አናቱ ላይ ያለው መብራት ይሽከረከራል፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር በላይ! በአርባ ሳንቲም! ብድግ ብዬ እማዬን ከነወንበሯ ላነሳት ምንም አልቀረኝም። «ልቀቀኝ አንተ እብድ!» እያለች ትስቃለች፤ አንገቴን ግን እሷ ናት አንቃ የያዘችው። ጋሽ ዋሊ ሮጠው መጡ። እማማ በርኒስ ባለ ጎማ ምርኩዛቸውን እየገፉ «ማንም እንዳይነካው! ማንም!» እያሉ ደረሱ። ገንዘቡ እንደዚያ ሲበዛ ማሽኑ ራሱ አይከፍልም፤ ሠራተኛ እስኪመጣ ተቆልፎ ይጮኻል።

ሠራተኛዋ መጣች፤ ደረቷ ላይ ሮሼል የሚል ተጽፏል። እጇ ላይ ያለውን መሣሪያ አየችና ወደ እኔ ፈገግ ብላ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ቬይኮ!» አለችኝ።

ወንድሙ ነኝ አልኳት። «የተጫወትኩት እኔ ነኝ» አለች እማዬ።

«ችግር የለም፤ ገንዘቡ የእርስዎ ነው፣ መታወቂያዎን ብቻ ይስጡኝ» አለች ሮሼል። «በሌላ ሰው ካርድ መጫወት ግን አይፈቀድም። ይቅርታ፣ ደንቡ ነው። ካርዱን ወስጄ እዘጋዋለሁ፤ ባለቤቱ ራሱ ሲመጣ ይከፈትለታል። መቼ ነው የሚመጣው?»

«ዳኮታ ነው!» አሉ እማማ በርኒስ ከእማዬ አፍ ነጥቀው። «ነዳጅ ላይ!» አሉ ጋሽ ዋሊ። «ገና ቀይ መኪና መግዛቱ ነው፤ ዕዳ አለበት፤ አሁን ከየት ይመጣል?»

«እሺ፣ ለነጻነት በዓል? ለምስጋና ቀን?» አለች ሮሼል። ልጅቷ ክፋት የለባትም፤ አንድ ቀን መመዝገብ ብቻ ነው የፈለገችው። ነሐሴ ልላት አፌን ከፈትኩ። ነሐሴ ምላሴ ላይ ነበረ። እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«አይመጣም» አለች።

«ዘንድሮ አይመጣም?»

«ልጄ ሞቷል» አለች እማዬ። «በጥር። ሐይቁ ላይ።»

እህቴ፣ ከቀብሩ ወዲህ ያንን ቃል ከአፏ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አልሰማሁም። ማሽኑ ደግሞ ጭፈራውን አላቆመም፤ ሮሼል በቁልፏ እስክታጠፋው ድረስ ዓሦቹ መስታወቱ ላይ ይዘላሉ። ወደ እማማ በርኒስ ማየት ፈራሁ። አሁን ውሸታሞች ይሉናል ብዬ ነው። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ፤ የእማዬንም እጅ ያዙ።

«አውቃለሁ፣ ጆዲዬ» አሏት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች እማዬ።

«ክረምቱን አሪዞና ልጄ ጋ ነበርኩ። ስመለስ መጀመሪያ ያገኘሁት ቅዳሜ ጠየቅኩሽ። ሰኞ ዕለት ጎረቤቴ ያስቀመጠችልኝን ጋዜጦች አነበብኩ። በእኔ ዕድሜ ጋዜጣ ከየትኛው ገጽ የሚጀመር ይመስልሻል? ከሙታን ገጽ ነው፤ ፎቶው እዚያ ነበረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሬ ላይ ሆኜ ምን እንደምልሽ ሳስብ ቆየሁ። ከዚያ አንቺ ስትገቢ፣ ‹ከዳኮታ ደወለ ወይ?› አልኩሽ።»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

«ሹፌሩም ጭምር» አሉ ጋሽ ዋሊ ባርኔጣቸውን ከአናቴ አንስተው እያሹ። «ምን እናድርግ፣ ዳኮታ ስትዪ ፊትሽ ይበራል። የዚህ ልጅ ደግሞ ከአንቺ ባሰ፤ ጫማ ቀደደባት ሲል እኔ ራሴ ለልጅቷ ላዝንላት ነበር።»

እማዬ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ሁለቱንም ባንድ ላይ አደረገችው፤ እኔም እንደሷ። ካርዱን ነቅላ ለሮሼል በራሷ እጅ ሰጠቻት። ስሙ እስኪጠፋ ግን ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፤ ሮሼልም ጠበቀች። ከዚያ እማዬ አውቶቡሱን በሙሉ ሾርባና ኬክ ጋበዘች። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እየዞረች ስለ ቬይኮ አወራቻቸው፤ እውነተኛውን ቬይኮ፤ የፓስተሩን መታጠቢያ ገንዳ ውኃ ሞልቶ በሕይወት ያሉ ዓሦች የለቀቀበትን ቀን። ጋሽ ዋሊ ከሳቃቸው የተነሳ ሳል ያዛቸው። ቅዳሜም እንሄዳለን፤ እማዬ እውነተኛ ብርድ ልብስ ካልሰፋች በቀር ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ግን ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። ያ ቀይ መኪና ናፈቀኝ። ልንወርድ ስንል እማማ በርኒስ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው «የዳቦ ቤቷ ልጅ ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ጥሩ ስም ነው» አሉኝ።

እህቴ፣ ባለፈው ስትደውዪ ከኋላሽ አንድ ሰው ከማን ጋር እንደምታወሪ ሲጠይቅሽ «ከወንድሞቼ ጋር» ስትዪ ሰምቻለሁ። እማዬም አጠገቤ ሆና ሰምታለች፤ አልጠየቀችሽም። እኔም አሁን አልጠይቅሽም፤ አትቸኩዪ። እዚያ መርከብ ላይ ለጓደኞችሽ ቬይኮ የት ነው እንዳልሻቸው ብቻ ጻፊልኝ። አንድ ቀን ከጓደኞችሽ ጋር ብንገናኝ እኔም እዚያው ነው እላቸዋለሁ።

ነፋሱ ከኋላሽ ይሁን። እጅሽ ይዳን፤ የሠራሽው ሁሉ ይጣፍጥልሽ፤ ውኃው እንደወሰደሽ በሰላም ይመልስሽ። እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፤ «ሹራቧን ትልበስ በላት» ብላለች።

የሚወድሽና የሚናፍቅሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ