የሚስስ ኤድና ከረሜላ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ አትላንታ

የማስታምማቸው አሮጊት፣ ሚስስ ኤድና፣ ስኳር እያለባቸው ከረሜላ ይደብቃሉ። ዛሬ ቤታቸውን በረበርኩት። በደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ዘመን ያደግኩ ሰው ነኝና ከዱቄት ዕቃ እስከ ፍራሽ ሥር የማላውቀው መደበቂያ የለም። ምንም አላገኘሁም!

ሳቁብኝ። «ጀርመኖች ደሴታችንን ገርንዚን በጦርነቱ ጊዜ ይዘው ስንቴ ፈተሹኝ መሰለህ፣ ልጄ! የከለከሉትን ሬዲዮዬን ግን አላገኟትም።»

«የት ደብቀዋት ነው?»

«እቤቴ እንዲያድር የተመደበው የጀርመን መኮንን አልጋ ሥር። ፈታሽን ማን ይፈትሻል?»

ቆይቶ ገባኝ። በር ላይ የሰቀልኩትን ካፖርቴን ኪሱን ብዳብሰው ከረሜላ ሞልቶታል!

ከረሜላውን ወረስኩ፤ ለሴትየዋ ግን እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ነገ ለምትከታተላቸው ነርስ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? «በአስታማሚው ኪስ ተገኘ»?