ኪሴ ውስጥ የቀረው ቁልፍ

ለውድ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ቻለልሽ? እማዬስ ዓይኗን ተሻላት? አባባ አሁንም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚያንቀላፋው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ዛሬ እውነቱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፣ እታለሜ። እዚህ በቁልምጫ የሚጠራኝ ሰው የለም።

ሥራዬን «ኮምፒውተር መጎርጎር» እያልሽ ትስቂብኝ የለ? ስሚኝማ። ለአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም ጻፍኩ። የበሽተኛ ካርድ ሲከፈት፣ ሌላ ሰው እኩል እንዳይጽፍበት ፕሮግራሙ ይቆልፈዋል፤ ሲጨርስ ይለቀዋል። እኔ ጉደኛው የመልቀቂያዋን ትእዛዝ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኳት። ማክሰኞ ዕለት የአንድ ሽማግሌ የምርመራ ውጤት ባዶ ሆኖ መጣና ፕሮግራሙ መሃል ላይ ተሰናከለ፤ መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ካርዱ ተቆልፎ ቀረ። ይባስ ብሎ፣ ስህተት ሲያጋጥምህ ዝም ብለህ እለፍ ብዬው ስለነበር ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሽማግሌው ከጠዋት እስከ ቀትር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ኮስታራው የምንለው አለቃዬ አልጮኸብኝም። «ፕሮግራሙ ውስጥ፣ ሥራው ቢሳካም ባይሳካም የግድ የሚፈጸም የማጽጃ ክፍል አለ፤ መልቀቂያዋን እዚያ አድርጋት፤ ስህተትም ከያዝክ ወይ አስተካክለው ወይ ተናገር እንጂ አትዋጠው» አለኝ። በሁለት መስመር አስተካከልኩት። ከዚያ ሆድ ብሶኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሳቂ እንግዲህ።

እናንተ ጋ ያለው የክፍሌ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ እታለሜ። ከአባባ ጋር ተጣልቼ በሩን ቆልፌ ስወጣ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት ጊዜ በስልክ ስትጠይቂኝ መስኮቱ ላይ ትቼዋለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። እማዬ «ራሱ መጥቶ ይከፍተዋል» ብላ በሩን አላስሰብር እንዳለች፣ አንቺም ከልጆችሽ ጋር ሳሎን ተጣብበሽ እንደምትተኚ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ቁልፉን ከላክሁት የምመለስበት ቤት የሚጠፋብኝ መሰለኝ። አፈር ልብላ፣ ይቅር በይኝ።

ይኸው፣ በወረቀት ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ከልጆችሽ ጋር ግቡበት። በሩን ግን መጀመሪያ አባባ ይክፈተው። ያን ዕለት ይቅርታ ጽፌለት፣ እልህ ይዞኝ ሳልሰጠው ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ወጥቻለሁ።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ እቀፊልኝ፤ ትንሿ አልጋዬ ላይ እንድትዘል ፈቅጃለሁ። ለአባባ በአንቺ በኩል ሰላምታ አልልክም፤ ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል።

ቱግ ባዩ ወንድምሽ
ከአራተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቴ ሥር
ግንቦት 11 ቀን