ከሆድህ የተረፈው

ውድ ሚክዳድ፣

አንተ አፈር ከገባህ በኋላ ከገላህ የወጣ አንድ ነገር በሕይወት ነበር። ጨጓራህን ያቆሰለው ባክቴሪያ እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ፣ እንደ ሰው ሰውነት በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ይበላ፣ ይባዛ ነበር። የሚመግበውም የኔ እጅ ነበር። ይህን የምነግርበት ሰው ስላጣሁ ለራስህ እጽፍልሃለሁ።

ጨጓራህ በኢንዶስኮፒ፣ በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ፣ የታየ ዕለት ሐኪሙ ከጨጓራህ ቅንጣት ሥጋ ሲወስድ፣ ከፊሉ ለጥናት ቢሰጥ ትፈቅድ እንደሆነ ጠይቆህ ነበር። ጉሮሮህ ገና እንደደነዘዘ፣ እየተኮላተፍክ፣ “አቦ ውሰዱት! ከነጨጓራው ውሰዱት፣ ያለሱ ብነዳ ይሻለኛል” አልክ። ነርሷ ሳቀች፤ አጠገብህ የቆምኩት እኔ ሚስትህም ሳቅኩ። ጥናቱ የኛው ነበር። ዶክተር ይትባረክ የሚመሩት፣ የጨጓራ ባክቴሪያን ሊገድል የሚችል ነገር ከዕፅዋት ውስጥ የምንፈልግበት።

የታዘዘልህን መድኃኒት አንድም ሳታጓድል ዋጥክ። ቀለል አለህ፣ ከዚያ ተመለሰብህ። ባክቴሪያው ከመድኃኒቶቹ አንዱን የለመደ፣ በእሱ የማይሞት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሌላ ሊቀይርልህ ቀጠረህ፤ አንተ ደግሞ በከባድ መኪናህ ወደ ጅቡቲ ድንበር የምታደርሰው ጭነት ነበረብህ። “ከደወሌ ስመለስ እሄዳለሁ” ብለኸኝ ወጣህ። ከኋላህ ይነዳ የነበረው ጓደኛህ ዐብዲሰላም ነው መኪናህን ጥግ ይዛ ቆማ ያገኛት። ደም አስታውከህ መሪው ላይ ተደፍተህ ነበር። ሐኪም ቤት ሳያደርሱህ አለፍክ።

ሐዘን ተቀምጬ ሥራ ስመለስ ናሙናህ ከበረዶ ወጥቶ ክብ ሳህኖች ላይ በቅሎ ጠበቀኝ። ስምህ የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዶክተር ይትባረክ አጠገቤ መጥተው፣ “ኑርሀን፣ ይሄን ሌላ ሰው ይሥራው” አሉኝ።

“አይ ዶክተር፣ እኔ ነኝ የምሠራው።”

መጀመሪያ በጥላቻ ነበር። በዓይኔ እያየሁት እንዲሞት ፈለግኩ። ከቢዮ አዋሌ አካባቢ የመጣ ቅጠል፣ ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ጥቁር አዝሙድ፣ ሥሩም ልጡም ሁሉ ተፈጭቶ በአልኮል ይዘፈዘፋል። ጭማቂውን ትንንሽ ክብ ወረቀት እያስነካን ባክቴሪያው በሚበቅልበት ሳህን ላይ እናስቀምጣለን። የሚገድለው ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም የማይበቅልበት ቀለበት ይወጣል። አብዛኛው ምንም አላደረገውም። ባክቴሪያው ወረቀቱ ጥግ ድረስ መጥቶ፣ ጥቃቅን የጠራ ጠብታ መስሎ፣ እያብለጨለጨ ያድራል።

በኋላ ነገሩ ተለወጠብኝ። ልብስህን ለወንድሞችህ ሰጥተናል፣ መኪናዋ ሰው እጅ ገብታለች፣ ስልክህም ጥሪ አይቀበልም። ካንተ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር ሳህኑ ላይ ያለው ብቻ ሆነ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ድምፄን ዝቅ አድርጌ “እንዴት አደርክ” ማለት ጀመርኩ። አንድ ሁለቴ የሥራ ባልደረባዬ ሽታዬ ሰማችኝ።

ከዚያ ከጥቁር አዝሙዱ ተለይቶ የወጣ አንድ ንጥረ ነገር ሰፊ ቀለበት ሠራ። ዶክተር ይትባረክ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስተው፣ “እሰይ! ነይ ኑርሀን፣ ነይ እዪ! መድኃኒቱን የለመደውን ነው የገደለው!” አሉ። አየሁ። ባዶውን ክብ ሳይ ሁለተኛ የቀበርኩህ መሰለኝ። በዚያው ሆዴ ጨመደደኝና ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ።

ሕመሙ የዚያን ቀን የጀመረ አይደለም። ከደረቴ በታች፣ አንተ እጅህን የምትጫንበት ቦታ ላይ፣ ለወራት ሲያቃጥለኝ ነበር። ሐዘን ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሽታዬ እየጎተተች አስመረመረችኝ። ከኔ ጨጓራ የወጣው ባክቴሪያ ያንተ መንትያ ሆነ፤ ያንኑ መድኃኒት የለመደ፣ በዘር ምርመራም አንድ ዓይነት። ከአንተ ወደ እኔ፣ ወይ ከእኔ ወደ አንተ፣ አልፏል።

“ከጥቁር አዝሙዱ ልጠጣ?” ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኳቸው።

“ሳህንና ሆድ አንድ አይደለም ልጄ። መጠኑን አናውቅም፣ የጨጓራ አሲድ ምን እንደሚያደርገውም አናውቅም። መድኃኒት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ውሰጂ።”

ሐኪሙ አንተ ያልደረስክበትን ሌላውን መድኃኒት አዘዘልኝ። ቤት አምጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። መዋጥ አቃተኝ።

ያገኘችው እናትህ ናት።

“ይሄ የምንድን ነው?”

“የጨጓራ ነው፣ አዮ።”

“ለምን አልተከፈተም?”

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሳህኑ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ሆዴ ውስጥ ስላለው። አዮ ደሄቦ እስክጨርስ ሻርፗን ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

“ልጄን የበላውን ሆድሽ ውስጥ ታሳድጊያለሽ?”

“ከሱ የቀረኝ እኮ ይሄ ነው።”

“ከሱ የቀረሽ እኔ ነኝ” አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ፣ “እሱስ ከየት አመጣው?” አለች።

“ከውሃ ሊሆን ይችላል። ከምግብም…”

“ኑርሀን።”

“ብዙውን ጊዜ በልጅነት ነው የሚይዘው፣ አዮ። ቤት ውስጥ።”

ወደ ግድግዳው ዞረች። “እያላመጥኩ ነበር የማጎርሰው” አለች። “ጥርሱ እስኪወጣ፣ እኔ እያላመጥኩ…” እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ከየትም ሊመጣ ይችላል አልኳት። ማልኩላት። ዋላሂ፣ እውነት ነው፤ ግን እሷን ያሳመናት አይመስለኝም፣ ሚክዳድ።

እሷም ተመረመረች፤ አለባት። ለዓመታት ሲያቃጥላት ኖሮ ዝም ብላለች። ዶክተር ይትባረክ የሷንም ባክቴሪያ ካንተው ጋር ማነጻጸር እንደሚቻል ነገሩኝ። አይሁን አልኩ። እሷም አልጠየቀችም።

መድኃኒቱን አብረን ጀመርን፤ እሷ ለኔ ውሃ ትቀዳለች፣ እኔ ለሷ። አፋችን ብረት ብረት እያለ፣ እያቅለሸለሸን ጨረስነው። ስንመረመር ሁለታችንም ነጻ ነን። ያንተ ናሙና ተመልሶ በረዶ ውስጥ ነው። ሥራው ይቀጥላል፤ ከእንግዲህ ግን ሽታዬ ትይዘዋለች። ሳህኑ ጋ አልሄድም። ሰላም የምልህ እዚያ አይደለም።

ትናንት ምሳ ላይ እናትህ ሚጥሚጣ አስነክታ ጎረሰች። የሚመጣውን ማቃጠል ጠበቀች፤ አልመጣም። ደግማ ጎረሰች። ከዚያ እጇን ሰበሰበችና፣ “ሳያመኝ መብላት አሳፈረኝ” አለች።

ሳህኑን ወደሷ ገፋ አደረግኩላት፤ ቀስ እያልን እስኪያልቅ በላን።

አላህ ይዘንልህ። ከዱዓዬ አትለይም።

ሚስትህ ኑርሀን
ድሬዳዋ